ሽንፈት የሚያስመርጠው ሊቀ መንበር፦ የአሜሪካ ፓርቲዎች ከምርጫ ማግስት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 የዲሞክራቲክ ፓርቲ ብሔራዊ ኮሚቴ አባላት እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ በፖቶማክ ወንዝ ዳር በሚገኘው ናሽናል ሃርበር ተሰብስበው የሚኒሶታውን ኬን ማርቲንን ሊቀ መንበራቸው አድርገው መረጡ። ማርቲን 246 ድምፅ ከግማሽ ሲያገኙ ዋና ተፎካካሪያቸው የዊስኮንሲኑ ቤን ዊክለር 134 ከግማሽ አግኝተው ተሸነፉ። ስብሰባው የተካሄደው ብዙዎቻችን ከምንኖርባቸው ሰፈሮች በመኪና ከአንድ ሰዓት ባነሰ ወይም በጥቂቱ በሚበልጥ ርቀት ላይ ቢሆንም፣ የዚያን ቀን ውሎ የተከታተለ ሰው በመካከላችን ብዙ እንዳልነበረ እገምታለሁ። አሜሪካውያኑም ቢሆኑ አብዛኞቹ የፓርቲያቸውን ሊቀ መንበር ስም አያውቁም።

ይህን ከአገራችን ልምድ ጋር ሳስተያየው ልዩነቱ ጎልቶ ይታየኛል። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. 180 መቀመጫ ያለው የኢሕአዴግ ምክር ቤት ሊቀ መንበር ለመምረጥ በዝግ ሲሰበሰብ አገሩ በሙሉ ጆሮውን አቁሞ ይጠባበቅ ነበር። ዶክተር ዐቢይ አሕመድ በ108 ድምፅ ሲመረጡ፣ የተመረጡት ለግንባሩ ኃላፊነት ብቻ ሳይሆን ለጠቅላይ ሚኒስትርነትም ጭምር መሆኑን ያልተረዳ አልነበረም። የአሜሪካው ሊቀ መንበር ግን አገር አይመራም፣ ሕግ አያወጣም፣ የፓርቲውንም የፖሊሲ አቋም ብቻውን አይወስንም። ሥራው ገንዘብ ማሰባሰብ፣ የመራጮችን መረጃ ማደራጀት፣ የፕሬዚዳንታዊ ዕጩ ምርጫው የሚመራበትን ደንብ ማስከበር፣ የግዛት ቅርንጫፎችን መደገፍ፣ በመገናኛ ብዙኃን ቀርቦም ተቃራኒውን ወገን መሞገት ነው። ከእኛ አገር ፓርቲዎች ለዚህ የሚቀራረበው በ2011 ዓ.ም. ሲመሠረት መሪውንና ሊቀ መንበሩን ለያይቶ ያዋቀረው ኢዜማ ነው፤ ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ መሪ፣ አቶ የሺዋስ አሰፋ ደግሞ ሊቀ መንበር ሆነው ነበር የተመረጡት።

ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ፓርቲው የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲያሸንፍ ሊቀ መንበሩን በተግባር የሚመርጡት ፕሬዚዳንቱ ናቸው፤ ኮሚቴው የሚጠበቅበት የቀረበለትን ስም ማጽደቅ ብቻ ነው። ፓርቲው ሲሸነፍ ግን እንዲህ ብሎ የሚያዝ የበላይ ስለሌለ የመምረጡ ሥልጣን ወደ ኮሚቴው አባላት ይመለሳል። በመተዳደሪያ ደንብ ላይ በዝርዝር የተጻፈው የምርጫ ሥርዓት ነፍስ የሚዘራው በሽንፈት ማግስት ነው ብል አላጋነንኩም። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ መራጮቹ እነማን እንደሆኑ ልግለጽ። የሪፐብሊካን ብሔራዊ ኮሚቴ አደረጃጀት ለመረዳት አያስቸግርም። ሃምሳዎቹ ግዛቶች፣ ዋሽንግተን ዲሲ እና እንደ ጉዋምና ፖርቶ ሪኮ ያሉት አምስት ይዞታዎች እያንዳንዳቸው ሦስት ሰው ይልካሉ፤ እነዚህም የግዛቱ ፓርቲ ሊቀ መንበር፣ አንድ ወንድ እና አንዲት ሴት ተወካዮች ናቸው። ድምሩ 168 ስለሚሆን ለማሸነፍ 85 ድምፅ ያስፈልጋል። ቴክሳስ ከጉዋም እኩል ሦስት ድምፅ ብቻ አላት። የሊቀ መንበሩ የሥራ ዘመን ሁለት ዓመት በመሆኑ ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በኋላም ሆነ ከአጋማሽ ዘመን ምርጫ በኋላ ወንበሩ ለውድድር ይቀርባል።

የዲሞክራቶቹ ሰፋ ያለና የተወሳሰበ ነው። በ2025 ድምፅ የመስጠት መብት የነበራቸው 448 አባላት ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ የግዛት ሊቃነ መናብርትና ምክትሎቻቸው አሉ፤ ለየግዛቱ የተደለደሉ 200 ተወካዮች አሉ፤ የአገረ ገዥዎች፣ የከንቲባዎች፣ የወጣቶችና የመሳሰሉት ማኅበራት ወኪሎች አሉ። ከዚህም በላይ ሊቀ መንበሩ ራሱ ለአባልነት የሚያቀርባቸው እስከ 75 የሚደርሱ ሰዎች አሉ፤ ይህ ማለት ተሰናባቹ ሊቀ መንበር ያስገባቸው ሰዎች ተተኪውን ከሚመርጡት መካከል ይሆናሉ ማለት ነው። እኔ በበኩሌ ከደንቡ ሁሉ ለትችት የተጋለጠው ክፍል ይህ ይመስለኛል። ቀደም ሲል የጠቀስኩት ግማሽ ድምፅ የመጣው ደግሞ ከውጭ አገር ነዋሪዎች ነው፤ ከአሜሪካ ውጭ የሚኖሩ ዲሞክራቶች የራሳቸው ቅርንጫፍ አላቸው፣ ተወካዮቻቸውም እያንዳንዳቸው ግማሽ ግማሽ ድምፅ ይሰጣሉ። የሥራ ዘመኑ አራት ዓመት ሲሆን ምርጫው ከፕሬዚዳንታዊው ምርጫ በኋላ፣ ከማርች 1 በፊት መካሄድ አለበት።

በሁለቱ መካከል ሌላም ልዩነት አለ። ሪፐብሊካኖቹ ሊቀ መንበራቸውን የሚመርጡት በምሥጢር ሲሆን፣ የዲሞክራቶቹ ቻርተር ግን ምሥጢራዊ ድምፅ አሰጣጥን ስለሚከለክል ማን ለማን ድምፅ እንደሰጠ ይታወቃል። የተከለከለበት ምክንያት ተወካይ ለወከለው ሕዝብ ተጠያቂ መሆን አለበት የሚል ነው። ይሁን እንጂ ድምፁ የሚታወቅበት አባል ነገ በጀት የሚለምነውን ሊቀ መንበር ዛሬ ፊት ለፊት መቃወም ይከብደዋል። ምሥጢሩም ቢሆን፣ ወደ በኋላ እንደምንመለከተው፣ የተመረጠውን ሰው ከበላይ ግፊት አያድነውም።

አሁን ወደ ታሪኩ ልግባ። በ1964 የሪፐብሊካኖቹ ዕጩ ባሪ ጎልድዋተር ስድስት ግዛቶችን ብቻ አሸንፈው በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ሲረቱ፣ እርሳቸው ያስመረጧቸው የፓርቲው ሊቀ መንበር ዲን በርች ወንበራቸውን ለማቆየት ሞክረው ነበር። ይሁን እንጂ የግዛት መሪዎቹ ግፊት ስለበረታ በ1965 ቦታውን ለኦሃዮው ሬይ ብሊስ ለቀቁ። ብሊስ አደባባይ ወጥተው መናገር የማይወዱ ሰው ነበሩ፤ ሙያቸው መራጭ መመዝገብ፣ የምርጫ ጣቢያ ሠራተኛ ማሠልጠን፣ ሒሳብ ማስተካከል ነበር። በ1966ቱ ምርጫ ሪፐብሊካኖች በተወካዮች ምክር ቤት 47 መቀመጫ ጨመሩ። ድሉን ሁሉ ለአንድ ሊቀ መንበር መስጠት ተገቢ አይደለም፤ የቬትናም ጦርነትና የከተሞቹ ነውጥ የራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። ነገር ግን ከሽንፈት በኋላ ተናጋሪ ሳይሆን አደራጅ ይፈለጋል የሚለው እምነት ሥር የሰደደው ያኔ ነው።

በዲሞክራቶቹ በኩል ተመሳሳይ ነገር የደረሰው በ1972 ነው። ዕጩው ጆርጅ መክገቨርን ጂን ዌስትዉድን አስመረጡ፤ እርሳቸውም በሁለቱ ፓርቲዎች ታሪክ ሊቀ መንበር የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። መክገቨርን በኖቬምበር ማሳቹሴትስንና ዋሽንግተን ዲሲን ብቻ ይዘው ሲቀሩ፣ ዌስትዉድ ከተመረጡ ግማሽ ዓመት ሳይሞላቸው በዲሴምበር በቴክሳሱ ሮበርት ስትራውስ ተተኩ። የተሸነፈው ዕጩ የሾመው ሰው ከዕጩው ጋር አብሮ እንደሚሄድ ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች መረዳት ይቻላል።

ወደ እኛ ዘመን ስንጠጋ የሃዋርድ ዲን ታሪክ ሰፊ ቦታ ይገባዋል። የቨርሞንት አገረ ገዥ የነበሩት ዲን በ2004 ለፕሬዚዳንትነት ለመታጨት ተወዳድረው አልተሳካላቸውም። ጆን ኬሪ በኖቬምበር ሲሸነፉ የብሔራዊ ኮሚቴው ሊቀ መንበርነት ክፍት ሆነ፤ የዋሽንግተን ሹማምንት ዲንን ባይወዷቸውም የግዛት ሊቃነ መናብርት ወደ እርሳቸው አዘነበሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። ዲን ተስፋ የተቆረጠባቸውን ግዛቶች ጨምሮ በሃምሳዎቹም ግዛቶች ደመወዛቸው በብሔራዊ ኮሚቴው የሚከፈል ሠራተኞች እንደሚመድቡ ቃል ገቡ። የምሲሲፒ ወይም የአላስካ ተወካይ እንዲህ ያለ ቃል ከሰማ ስለ ዕጩው የርዕዮተ ዓለም አቋም ብዙ አይጨነቅም። ዲን በፌብሩዋሪ 2005 ተመረጡ፤ ቃላቸውንም ፈጸሙ። የተወካዮች ምክር ቤቱን የምርጫ ዘመቻ ይመሩ የነበሩት ራህም ኢማኑኤል ገንዘቡ በቅርብ ፉክክር ባሉ ወረዳዎች ላይ ይዋል በማለት አምርረው ቢሟገቷቸውም፣ በ2006 ዲሞክራቶች ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ።

ከዚያ ባራክ ኦባማ አሸነፉ። ድሉ ለፓርቲው ታላቅ ድል ሆኖ ሳለ፣ ለብሔራዊ ኮሚቴው ግን የመምረጥ ሥልጣኑን ያጣበት ጊዜ ነበር። ፕሬዚዳንቱ በጊዜው የቨርጂኒያ አገረ ገዥ የነበሩትን ቲም ኬይንን መረጡ፤ ኮሚቴው አጸደቀ። የዲን የሃምሳ ግዛት ሥራ ተቀዛቀዘ፣ የኦባማ የራሳቸው የዘመቻ መዋቅርም በኮሚቴው ውስጥ ገብቶ ዋናውን ቦታ ያዘ። በ2010 ዲሞክራቶች 63 የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ አጡ፤ በግዛት ምክር ቤቶች ያጡት ደግሞ በስምንቱ የኦባማ ዓመታት ከ900 በላይ ደርሷል። የሽንፈቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ኢኮኖሚው አለ፣ የጤና መድኅን ሕጉ ያስነሳው ቁጣ አለ። ይሁን እንጂ ለፕሬዚዳንቱ የሚያገለግል ሊቀ መንበር ለግዛት ቅርንጫፍ የሚተርፈው ጊዜና ገንዘብ ጥቂት እንደሆነ የግዛት መሪዎቹ ያኔ ያሰሙት ቅሬታ ዛሬም ድረስ ይሰማል።

በዚያው ዓመት በሪፐብሊካኖቹ በኩል የሆነው ከሁሉ ይልቅ ይገርመኛል። የኦባማን ድል ተከትሎ በጃንዋሪ 2009 የሜሪላንድ ምክትል አገረ ገዥ የነበሩት ማይክል ስቲል በስድስተኛው ዙር 91 ለ77 አሸንፈው የፓርቲው የመጀመሪያ ጥቁር ሊቀ መንበር ሆነው ነበር። በእርሳቸው ዘመን ፓርቲው የጠቀስኳቸውን 63 መቀመጫዎች አሸነፈ። እንዲህ ያለ ድል ያስመዘገበ ሰው እንደገና ይመረጣል ብሎ የሚያስብ ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን ኮሚቴው ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ተሸክሞ ነበር፤ ትልልቆቹ ለጋሾች ገንዘባቸውን ወደ ሌሎች ድርጅቶች አዙረው ነበር፤ የስቲል አንዳንድ ንግግሮችም የፓርቲውን ሰዎች አስቀይመው ነበር። በጃንዋሪ 2011 አምስት ዕጩዎች ሲቀርቡ በመጀመሪያው ዙር የዊስኮንሲን ፓርቲ ሊቀ መንበር ራይንስ ፕሪበስ 45፣ ስቲል 44 ድምፅ አገኙ። ፕሪበስ ቀድሞ የስቲል አጋርና የኮሚቴው የሕግ አማካሪ ነበሩ። ስቲል ከአራተኛው ዙር በኋላ ራሳቸውን አገለሉ፤ ፕሪበስ በሰባተኛው ዙር በ97 ድምፅ ተመረጡ።

ከዚህ የምረዳው 168ቱ ሰዎች የሚመዝኑት የምርጫ ውጤቱን ሳይሆን የኮሚቴውን ካዝናና የስልክ ጥሪያቸው የሚመለስላቸው መሆን አለመሆኑን ነው። ለዚህ ማረጋገጫው ራሳቸው ፕሪበስ ናቸው፤ በ2012 ሚት ሮምኒ ሲሸነፉ ፕሪበስ አልተሸኙም። ሒሳቡ ተስተካክሎ ስለነበር በጃንዋሪ 2013 ያለ ብርቱ ተቀናቃኝ ዳግም ተመረጡ። ከሁለት ወር በኋላም የሽንፈቱን ምክንያት የሚመረምር ሰፊ ዘገባ አወጡ፤ ዘገባው ፓርቲው ወደ ስደተኞችና ወደ አናሳ ማኅበረሰቦች እንዲቀርብ፣ የስደተኞች ሕግ ማሻሻያም እንዲደግፍ ይመክር ነበር። ፓርቲው በ2016 ያጨው ሰው የሄደበት መንገድ ግን የዘገባው ተቃራኒ ሲሆን፣ ያም መንገድ አሸነፈ። የሊቀ መንበሩ ሥልጣን የት ላይ እንደሚያበቃ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ አላውቅም።

በ2016 የተሸነፉት ዲሞክራቶች ነበሩ። ሊቀ መንበራቸው ደቢ ዋሰርማን ሹልትዝ ከምርጫው በፊት፣ በጁላይ፣ የኮሚቴው የውስጥ ኢሜይሎች ሲወጡና ለሂላሪ ክሊንተን አድልተዋል የሚል ክስ ሲበረታ ለቅቀው፣ ዶና ብራዚል በጊዜያዊነት ተተክተው ነበር። በፌብሩዋሪ 2017 አትላንታ ላይ በተደረገው ምርጫ የቀድሞው የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ቶም ፔሬዝ እና የሚኒሶታው የምክር ቤት አባል ኪት ኤሊሰን ተፋጠጡ። ፔሬዝ ለእኛ ማኅበረሰብ እንግዳ አይደሉም፤ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት አባል ነበሩ። ኤሊሰን ደግሞ የበርኒ ሳንደርስ ድጋፍ ነበራቸው። በመጀመሪያው ዙር ፔሬዝ 213 ድምፅ ከግማሽ አግኝተው ለአብላጫ አንድ ድምፅ ብቻ ጎደላቸው፤ በሁለተኛው ዙር 235 ለ200 አሸነፉ። ፔሬዝ ወዲያውኑ መድረኩ ላይ ኤሊሰንን ምክትላቸው እንዲሆኑ ሐሳብ አቀረቡ፤ ጉባኤውም ተቀበለው። የተሸነፈን ወገን በዚያው ሰዓት ወደ ውስጥ ማስገባት በእኛ ፖለቲካ ብዙ ያልተለመደ ነውና እንዲሁ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልፈለግሁም።

የሪፐብሊካኖቹ የሮና ማክዳንኤል ታሪክ ደግሞ የሥርዓቱን ሌላ ገጽ ያሳያል። የሚሺጋን ፓርቲ ሊቀ መንበር የነበሩት ማክዳንኤል በ2017 በዶናልድ ትራምፕ ምርጫ ወደ ብሔራዊ ወንበሩ መጡ። ፓርቲው በ2018 የተወካዮች ምክር ቤትን፣ በ2020 ዋይት ሐውስን ቢያጣም፣ በ2022ም ከተጠበቀው ያነሰ ውጤት ቢያገኝም፣ በጃንዋሪ 2023 በምሥጢር ድምፅ ሃርሚት ዲሎንን 111 ለ51 አሸነፉ። በደንቡ መሠረት የሪፐብሊካን ሊቀ መንበርን ከሥራ ዘመኑ በፊት ለማንሳት ከጠቅላላ አባላቱ የሁለት ሦስተኛው ድምፅ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ድጋፍ የነበራቸው ሰው በደንቡ መንገድ ሊነሱ የሚችሉ አልነበሩም። ነገር ግን በፌብሩዋሪ 2024 ትራምፕ ለዕጩነት እየገሠገሡ ሳለ የሰሜን ካሮላይናውን ማይክል ዋትሊን እንደሚደግፉ ሲያስታውቁ ነገሩ አበቃ። በማርች 8 ማክዳንኤል ለቀቁ፤ ሂውስተን ላይ ዋትሊ ሊቀ መንበር፣ የትራምፕ ምራት ላራ ትራምፕ ደግሞ ተባባሪ ሊቀ መንበር ሆኑ። ዋትሊም በ2025 ለሴኔት ለመወዳደር ሲለቁ ፕሬዚዳንቱ የፍሎሪዳውን ጆ ግሩተርስን ደገፉ፤ በኦገስት ተመረጡ። ስለ መተካት ልናገር የምችለው እዚህ ላይ ነው፦ ማንሻ አንቀጽ በደንቡ ላይ ቢኖርም ሊቃነ መናብርት የሚሄዱት በድምፅ ተነሥተው ሳይሆን ለቅቀው ነው። ለዕጩ ወይም ለፕሬዚዳንት ያልተመቸ ሊቀ መንበር ወንበሩ ላይ ቢቆይም ገንዘብ አይመጣለትም።

ወደ 2025ቱ የናሽናል ሃርበር ስብሰባ ልመለስ። ቤን ዊክለር የሴኔት ዲሞክራቶች መሪ የቸክ ሹመርና የተወካዮች ምክር ቤት ዲሞክራቶች መሪ የሐኪም ጄፍሪስ ድጋፍ ነበራቸው። ኬን ማርቲን ግን ከ2011 ጀምሮ የሚኒሶታን ፓርቲ የመሩ፣ የግዛት ሊቃነ መናብርት ማኅበርም ሰብሳቢ የነበሩ ሰው ናቸው፤ መራጮቹን አንድ በአንድ ለዓመታት ያውቋቸዋል። በዕጩዎቹ የክርክር መድረኮች ላይ ስለ ሠራተኛው መደብ፣ ስለ ወጣት ወንዶች፣ ስለ መገናኛ ብዙኃን ብዙ ተባለ፤ ድምፁ ግን ለረጅም ጊዜ ትውውቅና ለግዛት ቅርንጫፎች በጀት ሄደ። ስቲል፣ ፕሪበስ፣ ማክዳንኤል፣ ዋትሊ፣ ሃሪሰን፣ ማርቲን ሁሉም የግዛት ፓርቲ ሊቃነ መናብርት የነበሩ መሆናቸው በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ጄሚ ሃሪሰን የደቡብ ካሮላይና ሰው ሲሆኑ በ2021 በጆ ባይደን ተመርጠው የመጡ ናቸው።

በዚያው ስብሰባ ከምክትል ሊቃነ መናብርት አንዱ ሆኖ የተመረጠው የ24 ዓመቱ ዴቪድ ሆግ፣ ብዙም ሳይቆይ በራሱ ድርጅት በኩል 20 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ነባር የዲሞክራት ተመራጮችን በፓርቲው የውስጥ ምርጫ የሚፈትኑ ወጣቶችን እንደሚደግፍ አስታወቀ። ማርቲን የፓርቲው ኃላፊዎች በውስጥ ምርጫ ገለልተኛ መሆን አለባቸው አሉ። በዚህ መካከል፣ ከሆግ ዕቅድ በፊት በቀረበ አቤቱታ፣ የወንድና የሴት ተዋጽኦን የሚመለከተው የድምፅ አሰጣጥ ሥርዓት በትክክል አልተፈጸመም ተብሎ የምክትሎቹ ምርጫ በጁን እንዲደገም ተወሰነ። ሆግ ዳግመኛ አልተወዳደረም። የአቤቱታው ሥነ ሥርዓት ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው መገጣጠሙ ግን ለሐሜት በር መክፈቱ አልቀረም።

በመጨረሻ፣ በዚህ አካባቢ ለምንኖር ዜጎች የሚጠቅም አንድ የአሠራር ነጥብ ላንሣ። በሜሪላንድ አገረ ገዥ በሚመረጥበት ዓመት የሁለቱም ፓርቲዎች የካውንቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባላት በፓርቲው የውስጥ ምርጫ ወረቀት ላይ ቀርበው በቀጥታ ይመረጣሉ። እነዚህ የካውንቲ አባላት በግዛቱ ማዕከላዊ ኮሚቴ በኩል የግዛቱን ሊቀ መንበር ይመርጣሉ፤ የግዛቱ ሊቀ መንበር ደግሞ በሥልጣኑ የብሔራዊ ኮሚቴው አባል ሆኖ የአገሪቱን ሊቀ መንበር ይመርጣል። ከአንድ ተራ መራጭ እስከ ናሽናል ሃርበሩ አዳራሽ ያለው ርቀት ይኸው ነው። የካውንቲው ኮሚቴ ሌላም ሥልጣን አለው፤ የግዛት ምክር ቤት አባል ሲሞት ወይም ሲለቅ ለተተኪነት የሚሆነውን ሰው ለአገረ ገዥው የሚያቀርበው እርሱ በመሆኑ፣ አናፖሊስ ውስጥ ከተቀመጡት የምክር ቤት አባላት ጥቂት የማይባሉት መጀመሪያ የገቡት በዚህ መንገድ ነው። ያ የምርጫ ወረቀት የሚደርሰው ግን በፓርቲው አባልነት ለተመዘገበ መራጭ ብቻ ነው፤ ያለ ፓርቲ የተመዘገበ ሰው በውስጥ ምርጫው ቀን እንደ ትምህርት ቤት ቦርድ ላሉ ከፓርቲ ነፃ ለሆኑ ቦታዎች ብቻ ይመርጣል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ካለ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ።